አይደለሁም ያለው ሰው

ልጄ ሎቲ ከትናንት ጀምራ ሆዷን ይዛ ተጠቅልላለች። በቀኝ በኩል ከእምብርቷ በታች ስነካት ጮኸች፤ ግንባሯ እሳት ነው። ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። እናቴ ታናሽ ወንድሜን የቀበረችው በዚሁ በሽታ ነው፤ ትርፍ አንጀት። ሐኪም ያለው ከኮረብታው ማዶ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ከማኅበራችን ግቢ ደግሞ ያለ ሽማግሌው ኦርቫል ፈቃድ ማንም አይወጣም።

"መጀመሪያ ሃርላን ፊት እናቅርባት" አለ ባሌ ድዋይት። ልጁን ቀና ብሎ አላያትም።

ሃርላን የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። በድርቁ ዓመት፣ የሚዙሪ ኮረብታ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ ደረቅ ነው የተባለ ቦታ ቆፍሮ ውሃ አወጣ። ኃጢአቱ ይኸው ነው። ማኅበራችንን የመሠረተችው እናት አዴላይን ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምረን የኖረችው አንድ ነገር ነበር፤ ሐሰተኛው መሲሕ "እኔ ነኝ" ይላል፣ እውነተኛው ግን "አይደለሁም" ይላል። ልትሞት ስታጣጥር ጣቷን ወደ ሃርላን ቀሰረች። ምስኪኑ ደንግጦ "ኧረ እኔ አይደለሁም!" አለ።

አለቀለት። ከዚያ ወዲህ በማለ በተገዘተ ቁጥር ይንበረከኩለታል። ተናዶ የመፍቻ ሳጥኑን ሲወረውር እንኳ "አቤት ትሕትና!" እያሉ ያለቅሳሉ። እኔም፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ አብሬ አልቅሻለሁ።

ከሱ በፊት ግን አንድ ተጓዥ ሰባኪ "እኔ ነኝ" ብሎ መጥቶብን ነበር። ወንዶቹ ይዘውት ወደ ወንዙ ወረዱ። ሲመለሱ ሰውየው አብሯቸው የለም። የድዋይት ሱሪ እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ ነበር፣ እግሩም እርጥብ ነበር። አልጠየቅኩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከገዛ ባሌ አጠገብ ስተኛ እፈራለሁ።

ሎቲን ታቅፌ ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ሃርላን ክንዱ ድረስ ግራሶ ተቀብቶ ፓምፑን ይፈታ ነበር። ሕዝቡ ተከትሎን መጥቷል። ሃርላን የልጄን ሆድ ዳሰሰና ፊቱ አመድ መሰለ።

"ምን ትጠብቃላችሁ? ሐኪም ጋ ውሰዷት እንጂ! አሁኑኑ!"

ኦርቫል እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ፈገግ አለ። "ሰማችሁ ወገኖቼ? እምነታችንን እየፈተነ ነው።"

"የምን ፈተና ነው፣ አንተ ጅል! ልጅቷ ልትሞት ነው! እኔ ምንም ማድረግ አልችልም!"

"አልችልም አለ!" ብሎ ኦርቫል ተንበረከከ። ሁሉም ተከትለውት ወደቁ። አንዷ ሴት በደስታ ትንሰቀሰቃለች። ቁልቁል አየኋቸው፤ ከነዚህ ሰዎች ጋር ስንት ዓመት አብሬ በልቻለሁ።

"የፒካፑን ቁልፍ ስጠኝ" አልኩት ድዋይትን።

"ቬልዳ፣ በልጅሽ ሞት አታሳፍሪን። ከጸናን ትድናለች።"

እጄን ኪሱ ውስጥ ከትቼ ቁልፉን መነተፍኩት። አልታገለኝም፤ መታገል አላስፈለገውማ። ሴቶቹ ሮጠው የግቢው በር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። መሃላቸው ሎቲን ያዋለደችኝ ጎረቤቴ አለች።

"እህቴ፣ ላንቺው ብለን ነው እኮ" አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ።

ይሄኔ ሎቲ ማልቀሷን አቆመች።

"እማዬ፣ ተወኝ። አሁን አያመኝም።"

"ተመልከቱ!" አለ ኦርቫል። "ተፈወሰች!" ሆታው ቀለጠ። ድዋይት ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ግን ሎቲን ወደ ደረቴ አጥብቄ ያዝኳት። ወንድሜም ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳ እንዲሁ "ተወኝ" ብሎ እናቴን ደስ አሰኝቷት ነበር። በነጋታው ቀበርነው።

ሃርላን አየኝ። እሱም ገብቶታል። ጠጋ ብሎ "መኪናው ውስጥ አስገቢያትና ሞተር አስነሺ" አለኝ።

"በሩስ?"

"በሩን ለኔ ተዪው።"

"ሃርላን፣ ምን ልታደርግ ነው?"

"አስነሺ አልኩሽ እኮ፣ ቬልዳ።" እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ዓይኑ ግን ወደ ወንዙ አቅጣጫ ነው። ያንን ሰባኪ ወደ ወንዙ ሲወስዱት እሱም አይቷል።

ሎቲን ወንበሩ ላይ አስተኝቼ ቁልፉን ስጠመዝዝ ሃርላን የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወጣ።

"ስሙኝ! እኔ ነኝ!"

ሆታው ቀጥ አለ።

"መሲሑ እኔ ነኝ! ማንም እንዳይጠራጠር፣ እኔ ነኝ!" ድምፁ ተሰነጠቀ።

የኦርቫል ፊት ሲለወጥ አየሁ። ከጉልበቱ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሌሎቹም ተነሱ። በሩ ላይ የተያያዙት እጆች ተላቀቁና ሴቶቹ ወደ ጉድጓዱ ሮጡ። ነዳጁን ረግጬ የእንጨቱን በር በፒካፑ አፍንጫ ሰብሬ ወጣሁ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ወንዶቹ ከበውታል። ድዋይት ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ይጠቀልላል።

ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ..." አለኝና ሳይጨርሰው ተወው። ሎቲ ከቀዶ ጥገናው ወጥታ ተኝታ ሳለ የአካባቢው ፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ፣ ሆስፒታል ድረስ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ወንዙ ውስጥ አገኘነው" አለ። "ሰዎቹ ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። 'እኔ ነኝ' ብሏል ነው የሚሉት። እውነት ብሏል?"

"ብሏል።"

"እንግዲያው እሱም እንደሌሎቹ አጭበርባሪ ነበራ።"

የሎቲን ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ሳብኩላት።

"ያን ሁሉ ዓመት እውነቱን ሲነግረን አንዳችንም አላመንነውም" አልኩት። "ዛሬ አንዴ ቢዋሽ፣ ሁሉም አመነው።"