ያለቦታዋ የተነሳች እጅ

እኔ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላው ሲናገር እየጻፍኩ ኖሬያለሁ፤ የራሴን አንድ መስመር እንኳ አስገብቼ አላውቅም። የማክሰኞውን ጉድ ግን ካልተናገርኩ ሆዴ ውስጥ ሆኖ ያንገበግበኛል።

ነገሩ የጋሽ ዝምታ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ጋዜጠኞች ናቸው። አምስት ጊዜ ተመርጠው፣ ሃያ ዓመት መስኮቱ ስር ባለችው ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ማይክ ሲያበሩ ያየ የለም። ገና አዲስ ተመራጭ ሳሉ ሊናገሩ ተነስተው ድምፃቸው እምቢ አላቸው አሉ። አንዱ ሳቀ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። በቃ፣ በዚያው ቀሩ።

ታዲያ ሞኝ እንዳይመስሏችሁ! የእሳቸው ሥራ ኮሪደር ላይ ነው። ከየቢሮው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ደብዳቤያቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ይላሉ። ኃላፊው ሲወጣ “ዛሬም መጡ?” ይላቸዋል። “ነገም እመጣለሁ” ይሉታል። እንዲህ እያሰለቹ ለወረዳቸው ሦስት ትምህርት ቤት አስከፍተዋል። ወንዙን የምታሻግረውን የመንግሥት ጀልባም ያስመደቡት እሳቸው ናቸው።

ከወንዙ ማዶ ታላቅ እህታቸው ይኖራሉ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እኚሁ እህታቸው ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ዘንድሮ ጀልባዋ ትቁም የሚል ረቂቅ ቀረበ። “ድልድይ አለላቸው” ተባለ። ድልድዩ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጀልባዋ ከቆመች የማዶ ሰው እቃውን ጠቅልሎ ከመውጣት በቀር ምርጫ የለውም። እትዬ ይህን ሲሰሙ ወንድማቸውን ቢሮ ድረስ መጥተው አፋጠጧቸው።

“በዚህ ዕድሜዬ ቤቴን ዘግቼ አንተ በረንዳ ላይ ልጎለት? አላደርገውም! አንድ ቀን እንኳ አፍህን ክፈት።”

“እናገራለሁ እትዬ” አሉ እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው።

ንግግራቸውን በአንዲት ገጽ ጽፈው ሰጡኝ፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት በተናጋሪዎች ዝርዝር ላይ ስማቸው መጨረሻ ነበር። ተራቸው ሳይደርስ አንዱ ችኩል “ውይይቱ ይዘጋ” ብሎ አዘጋው። እሳቸው ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያጠኑ ይህን አልሰሙም። አፈ ጉባኤው “የምትደግፉ?” አለ። ቀና ሲሉ በዙሪያቸው እጅ በእጅ ሆኗል። ሁሉም ለመናገር ዕድል የሚጠይቅ መሰላቸው። እሳቸውም ወረቀቷን እንደያዙ እጃቸውን ከሁሉም በላይ አነሱ።

ወረቀቷን አይቻታለሁ። ምን ሊሉ እንደፈለጉም አውቃለሁ። ግን እኔ እጅ ቆጣሪ ነኝ፤ ቆጠርኳቸው። የደገፈ አርባ አንድ፣ የተቃወመ አርባ።

የደጋፊዎቹ ቆጠራ አልቆም የእሳቸው እጅ አልወረደም። “የተከበሩ፣ ያውርዱት፤ ተቆጥረዋል” አለ አፈ ጉባኤው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የእሳቸው ፊት ግን አመድ መሰለ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጡ።

“ልጄ፣ ወረቀቷን አላየሻትም?”

“አላየሁም ጋሼ” አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፊት ለፊታቸው ዋሸሁ።

“ማረም ይቻላል?”

ደንቡን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ይቻላል፤ ቃለ ጉባኤው ሳይጸድቅ ድምፁን የሰጠው አባል ራሱ ካረመ።

“በደብዳቤ ነዋ?” አሉ ደስ ብሏቸው።

“አይ ጋሼ። ቆመው፣ በአንደበትዎ።”

በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። አንጀቴን በሉት።

ሐሙስ የሥራ ዘመኑ የመጨረሻ ስብሰባ ነበር። ቃለ ጉባኤው ከጸደቀ በኋላ ለሚሰናበቱት አባላት፣ ለጋሽ ዝምታም ጭምር፣ ሰርተፊኬት ይሰጣል። የእሳቸውን “ለሃያ ዓመት ያለ አንዳች ስህተት ላገለገሉ” ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ማን ያውቅ ነበር! እትዬ በእንግዶች ሰገነት ላይ የፊት ወንበር ይዘዋል።

“በማክሰኞው ቃለ ጉባኤ ላይ እርማት ያለው?” አለ አፈ ጉባኤው።

ማንም የለም። ጋሽ ዝምታ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። አፈ ጉባኤው መዶሻውን ሲያነሳ ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። ቆመዋል። የማይኩ ቀይ መብራት በራ፤ የትንፋሻቸው ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

“እጄ…” አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

“አይዞህ!” አሉ እትዬ ከላይ ሆነው። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛውን በመዶሻው ደበደበ።

“ማክሰኞ እጄን ያነሳሁት ልናገር ብዬ ነው” አሉ ጋሽ ዝምታ። “ስህተቱ የእኔ ነው። ረቂቁን እቃወማለሁ። ጀልባዋ አትቁም። ማዶ ሰው አለ።”

“ድምፅ ከሰጡ በኋላ ሐሳብ መቀየር ነው ይሄ!” ብሎ ጮኸ ያ ችኩል። ጉምጉምታ ተነሳ። አፈ ጉባኤው ወደ እኔ ዞረ፤ የሚፈልገው መዝገብ ነው።

ቃለ ጉባኤ ያዥ በጉባኤ አይናገርም። አውቃለሁ። ግን ደሜ ፈላ፤ ሳላስበው ተነስቼ ቆምኩ።

“የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እውነታቸውን ነው። በእጃቸው የንግግራቸው ወረቀት ነበር። እያየሁ ቆጠርኳቸው።”

 ከዚያ አፈ ጉባኤው መነጽሩን አውልቆ “ይታረም” አለ። አርባ ለአርባ አንድ፤ ረቂቁ ወደቀ። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ መዝገብ ቤት አስገብቼዋለሁ፣ ግድ የለኝም።

ሰርተፊኬቱ ሲነበብ “ያለ አንዳች ስህተት” የሚለው ላይ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ በላይ የሳቁት ራሳቸው ጋሽ ዝምታ ናቸው።

ደረጃው ላይ እትዬ የወንድማቸውን ክራቫት ሲያስተካክሉ ደረስኩ። የእትዬ አይን እንባ አቅሯል።

“አንተ ልጅ፣ ድምፅህ እኮ የአባታችን ነው። ሃያ ዓመት ለምን ደበቅከኝ?”

 ጋሽ ዝምታ ሰዓታቸውን አዩና የእህታቸውን ክንድ ያዙ።

“ነይ በይ እትዬ፣ የአስር ሰዓቷ ጀልባ እንዳታመልጥሽ።”