ገባኝ ያሉት አሥራ አራት ሰዎች

የሺሃረግ ወደ እግሯ ያየችው ባቡሩ ያራቪል ጣቢያ ሲቆም ነው። ግራጫው ሱፍ ልብሷ ተተኩሷል፣ ጸጉሯ ተሠርቷል፤ ከታች ግን አፍንጫው ብረት የሆነው የመጋዘን ቦት ጫማዋ ተጎልቷል። ለዛሬ የገዛችው ባለተረከዝ ጫማ ዌሪቢ ካለው የመጋዘን ቢሮዋ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር ቀርቷል። «ወይ ጉድ!» አለች ጮክ ብላ፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ከስልኩ ቀና አለ።

ዛሬን እንኳ ፈቃድ ብትወስድ ምን ነበረበት? እሷ ግን የሺሃረግ ናት፤ የጠዋቱን የሺፍት ርክክብ ሳታይ የሚነጋ አይመስላትም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከካርቱም በስደተኝነት መጥታ፣ እዚያው ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የእርጎ ካርቶን በመደርደር ጀመረች። አሁን የመጋዘኑ ኃላፊ ናት። ሥራዋን ሳትለቅ፣ ቅዳሜና እሁዷን እየሸራረፈች፣ ስድስት ዓመት ተኩል ሙሉ የቢዝነስ ዶክትሬት ስትማር ኖራለች። ዛሬ በሦስት ፈታኞች ፊት ቀርባ ጥናቷን ትከላከላለች።

ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ተስፋሚካኤል ናቸው፤ ከመጋዘኑ የፎርክሊፍት ነጂዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት።

«የሺዬ፣ ጫማሽ እኮ እዚህ ነው። ምን ይሻላል?»

«ምን ይሻላል ጋሼ፣ በቦቱ መግባት ነዋ!»

«ግቢ! ማን እግርሽን ያያል።»

ሳቀች፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየላትም። የፈራችው ስለ ጫማው አልነበረም። ከሲድኒ የተመረጠው ፈታኝ ከአሥር ቀን በፊት አስተያየቱን ጽፎ ልኮ ነበር፦ ምዕራፍ አራት የተመራማሪዋ ስሕተት እንጂ ግኝት አይደለም፣ ይውጣ። አማካሪዋም ደውላ ቁርጡን ነግራታለች። እሺ ካለች በሁለት ሳምንት አርማ ታልፋለች፤ ከተከራከረች አንድ ዓመት ሊጨምሩባት ይችላሉ። በሃምሳ አንድ ዓመቷ ሌላ አንድ ዓመት! ያለ ሰንበት፣ ያለ ሰው ሰርግ፣ ያለ እንቅልፍ።

የምዕራፍ አራት ነገር እንዲህ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት መጋዘኑ የአጫጫን መመሪያውን ቀየረ። የሺሃረግ መመሪያውን ራሷ ወደ አማርኛ ተርጉማ ግድግዳ ላይ ለጠፈች፤ ከዚያም ለጥናቷ አሥራ አራት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አንድ በአንድ አነጋገረች። የፈቃደኝነት ቅጹን አንዳቸውም አላነበቡትም። «ለአንቺ ያልፈረምን ለማን ልንፈርም ነው?» እያሉ ፈረሙላት፤ እሷም ኮራች። መመሪያው ገብቷችኋል ወይ ስትል አሥራ አራቱም «ገባኝ» አሏት። በዚህ መልስ ላይ አንድ ዓመት ጻፈች።

አንድ ዓርብ ቀን ታዲያ የጭነት መኪና ተመልሶ መጣ። እርጎው መመሪያው ከሚለው ውጪ በበረዶ ከደረቀው ዶሮ ሥር ተጭኖ ተጨፍልቋል። የጫኑት ጋሼ ተስፋሚካኤል ናቸው፤ ያን ቀን ብቻም ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሲጭኑ ከርመዋል። የምሳ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አልገባኝም ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ለፍተሽ የተረጎምሽውን፣ እኔ ሽማግሌው አልገባኝም ልበልሽ? እንዴት ብዬ ላሳፍርሽ!»

በማግስቱ መቅረጸ ድምፁን ከፍታ አሥራ አራቱንም ቃለ መጠይቆች እንደገና ሰማች። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። «ግልጽ ነው አይደል?» እያለች መልሱን አስቀድማ የምትነግራቸው እሷው ራሷ ነበረች። አፈረች። ማንም ስለማያውቅባት ልትደብቀው ትችል ነበር፤ ግን ቁጭ ብላ አንድም ሳታስቀር ጻፈችው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮም በየርክክቡ መጀመሪያ እሷው ራሷ ቀድማ ትናገር ጀመር፦ በዕለቱ ምን እንዳልገባት፣ ምን እንደተሳሳተች። ቀስ በቀስ ሌሎቹም አፋቸውን ከፈቱ። የቀረው ጥናቷ በሙሉ የበቀለው ከዚህ ነው።

የፈተናው ክፍል ወለል ጣውላ ነበርና ቦቷ በረገጠችበት ሁሉ ዷ ዷ አለ። አንደኛዋ ፈታኝ ጎንበስ ብላ አየችውና ፈገግ አለች። አንድ ሰዓት ያህል ጠየቋት፤ መለሰች። በመጨረሻ የሲድኒው ሰው መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ።

«ምዕራፍ አራት እንዲወጣ ይስማማሉ?»

አማካሪዋ ከጥግ ሆና በአንገቷ እሺ በይ አለቻት። «እሺ» የሺሃረግ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰች። ሰውየው የተከበረ ነው፣ ደክሞበታል፣ በሰው ፊት እንዴት እምቢ ይባላል? ወዲያው ክው አለች። እነዚያ አሥራ አራት ሰዎች እሷ ፊት ተቀምጠው የተሰማቸው ይኸው ነበር። ልክ ይኸው!

«አይ፣» አለች። «አልስማማም። አሁን ራሱ ለእርስዎ እሺ ልል ነበር። ብልዎት ግን ስላመንኩበት አይሆንም፤ ስላከበርኩዎት ነው። ሠራተኞቼም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አክብሮታቸውን እንደ መልስ ቆጥሬ አንድ ዓመት ተሳሳትኩ። ያንን ካወጣሁት የቀረውን ከየት እንዳገኘሁት ማንም አያውቅም።»

ሰውየው መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«ያ የርክክብ ዘዴዎ ታዲያ ለሁሉም ሠርቷል?»

«አልሠራም። ከገባች ሦስት ወር የሆናት ሠራተኛ አለችኝ። ዛሬም አንገቷን ደፍታ ገባኝ ነው የምትለኝ።»

ሲጽፍ አየችውና በቃ፣ አለቀልኝ አለች በሆዷ።

ኮሪደሩ ላይ ሃያ ደቂቃ አቆሟት። ስትጠራ ሦስቱም ቆመው ነው የጠበቋት። ምዕራፍ አራት ይቆያል፤ እንዲያውም ወደ ፊት መጥቶ የጥናቱ መክፈቻ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ያው የሲድኒው ሰው ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ዶክተር» ብሎ እጁን ዘረጋላት። አማካሪዋ አለቀሰች። የሺሃረግ በጨዋ ደንብ አመስግና ወጣች፤ ሊፍቱ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ግን አልቻለችም፣ እልልታዋን አቀለጠችው። በሩ ሲከፈት ቡና የያዘች ተማሪ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች።

ለከሰዓት በኋላው ርክክብ ዌሪቢ ደረሰች። መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሼ ተስፋሚካኤል እቅፍ አበባ ይዘው ከፊት ቆመዋል።

«እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ አንቱ ልንልሽ ነው!»

«ኧረ ጋሼ፣ ምነው! በቁሜ አያስረጁኝ።»

ሳቁ ሲበርድ አበባውን እንዳቀፈች እንደ ወትሮው መሀል ላይ ቆመች። «ዛሬ የተሳሳትኩት፣» አለች፣ «ጫማዬን ረስቼ ዩኒቨርሲቲ በቦት ገባሁ።» እንደገና ሳቁ። ስለ ሦስተኛው ማቀዝቀዣ አዲስ የቆጠራ አሠራር አስረዳች፤ ጨረሰችና ጠበቀች። ዶክተር ሆና በመጣችበት ቀን ማን ደፍሮ ይጠይቃታል?

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ቶላኒ ነበረች፣ ሦስት ወር ሙሉ አንገቷን ደፍታ «ገባኝ» ስትል የኖረችው።

«ዶክተር፣» አለች ቃላቱን እየመረጠች፣ «እኔ አልገባኝም። ትናንትናም አልገባኝም ነበር።»

የሺሃረግ እንባዋ መጣ። ፈተናው ክፍል ውስጥ ያልመጣው እንባ። አበባውን ለጋሼ ተስፋሚካኤል አቀበለችና፣ በዚያው በቦቷ፣ በሰዎቹ መሀል እየሰነጠቀች ወደ ኋላ ሄደች።

«ጎሽ፣ ቶላኒዬ፣» አለቻት። «ከየቱ ጋ እንጀምር?»