ሁለት መርፌ፣ አንድ እጅ

"ሱሪሽን ዝቅ አድርጊና በጎንሽ ተኚ" አላት ሐኪሙ፣ ጓንቱን እያጠለቀ።

ፀጉር ሠሪዋ ቀበቶዋን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ወደ በሩ አፈገፈገች። "ኧረ ዶክተር፣ የኔ እጄ ላይ ነው!"

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የቃሉ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ "ምንሽን ነው?" ስትላት "ኪንታሮት" አለች። ኪንታሮት ደግሞ እጅ ላይም ይውጣ መቀመጫ ላይ ያው ኪንታሮት ነው፤ ስም ያወጣለት ሰው የዚያን ቀን ስንፍና ይዞት ነበር መሰል። ሐኪሙ እየሳቀ ወደ ቆዳ ክፍል ላካት። እሷም ሳቀች፤ የሳቀው ግን ጥርሷ እንጂ ሆዷ አልነበረም።

ጠዋት አንዲት ደንበኛ "ይቺ እጇን ፀጉሬ ውስጥ እንዳትከት!" ብላ ከወንበሩ ተነሥታለች። እትዬ የምትላቸው የፀጉር ቤቱ ባለቤት ደግሞ "ዛሬውኑ አጥፍተሽው ነይ" ብለው ሰደዷት። ከሰባቱ ኪንታሮቶች ስድስቱ ጣቶቿ ላይ ናቸው፣ አንዱ ተረከዟ ሥር። ቅባቱም ማቃጠሉም ተሞክሯል። ይጠፋና እንደማያፍር እንግዳ ተመልሶ ከች ይላል።

የቆዳ ሐኪሟ ጣቶቿን አንድ በአንድ አገላብጣ አየች።

"ሁለት ዓይነት መርፌ አለ። አንደኛው እያንዳንዱ ኪንታሮት ውስጥ ይወጋል፤ ይጠቁርና ይረግፋል። ፈጣን ነው። ግን ያማል፤ ጥፍርሽ ሥር ያሉትን ስወጋ ጥፍሩም ሊበላሽ ይችላል።"

"ሁለተኛውስ?"

"የክትባት መድኃኒት ነው። ትልቁን ብቻ እወጋዋለሁ፤ ሰውነትሽ ይነቃና ሌሎቹን ራሱ ያባርራል። በየሦስት ሳምንቱ፣ እስከ አምስት ጊዜ። የተረከዝሽም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ማስተማመኛ ግን ለሁለቱም አልሰጥሽም።"

"እስከዚያው መሥራት እችላለሁ?"

"በፕላስተር ሸፍነሽ፣ ጓንት አድርገሽ።"

ስልኳ ጠራ። እትዬ ነበሩ። የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

"ፈጣኑን ተወጊ!"

"ጥፍሬ ቢበላሽስ? ለቀጭን ሹሩባ ፀጉሩን የምለያየው በጥፍሬ እኮ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ እትዬ?"

"እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ደንበኛዬ በመኪና ይሄዳል! ወይ ፈጣኑን ተወግተሽ ነይ፣ ወይ ወንበሩን ለሌላ እሰጠዋለሁ።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኋላው የቆመችበት ወንበር ነው። ቀለሙ እጇን ሲልጠው፣ እግሯ ሲያብጥ፣ አንድም ቀን "እንዴት ነሽ?" ያላት የለም። ንዴት መጣ፣ እንኳንም መጣ።

"እትዬ፣ ወንበሩ የእርስዎ ነው፣ ለፈለጉት ይስጡት" አለች። "ጣቶቹ ግን የኔ ናቸው። ከወንበሩ ጋር አልተገዙም።"

ስልኩን ዘጋችው። ሐኪሟ፣ "ከፈለግሽ አስቢበትና ነገ ነይ" አለቻት።

"አስቤበታለሁ። ቀስ የሚለውን ነው የምፈልገው።" ትልቁ ኪንታሮት ያለበትን አውራ ጣቷን መብራቱ ሥር ዘረጋች። መርፌ ትፈራለች፤ እጇን ግን አልሳበችም።

ስልኩ እንደገና ጠራ። ሐኪሟ መርፌውን እንደያዘች ቆም አለች። "አታነሺውም?"

"ይጥራ" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "እርስዎ ይውጉ።"