ጥቁሩና ባለመስኮቱ

ቢሮው «ሊቁ» ብሎ የሚጠራው ፕሮግራመር ሻይ የሚጠጣ መስሎ ከአማቹ ጀርባ ቆሟል፤ ዓይኑ ግን የልጁን ስክሪን ይበረብራል። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያንቋቋ ያፏጫል። የሞት ሽረት ግጥሚያ የሚጠብቀው ሰው በምን ልቡ ያፏጫል? መልሱን አስቀድሞ ካላየው በቀር!

በዚያ ቢሮ ኮድ የሚጻፈው፣ ስህተት የሚታደነው፣ የተጻፈውም የሚሞከረው «ጥቁሩ» በሚሉት ፕሮግራም ነበር። ጥቁሩ አዝራር የለው፣ ሥዕል የለው፤ እንደ ጉድጓድ በጨለመ ስክሪን ላይ ፊደል ብቻ። ሊቁ ግን ፀጉሩ ሳይሸብት ጀምሮ የራሱን አቋራጭ ትእዛዞች ሲያጭቅበት ኖሮ፣ አንድ ቁልፍ ሲነካ ተራራ የሚንድ፣ ሁለት ሲነካ ባሕር የሚከፍል አድርጎታል። አቋራጮቹን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ ጠረጴዛው ዘንድ ደጅ ያልጠና ሠራተኛ አልተፈጠረም። አሁን አማቹ «ባለመስኮቱ» የተባለ አዲስ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ ሁሉ ነገር በየመስኮቱ የተደረደረበት፣ የጀመሩትን መስመር ራሱ የሚጨርስ። ሥራ አስኪያጇም ፈረደች፦ ሁለቱ አንድ ስህተት ይፈልጉ፤ ስህተቱ ቀድሞ በተገኘበት መሣሪያ ቢሮው በሙሉ ይሠራል። ባለመስኮቱ ካሸነፈ ሊቁን የሚጠይቅ አይኖርም። የማይጠየቅ ሊቅ ደግሞ ምን ሊባል ነው?

ማስረጃዎቹን በልቡ ደረደረ። ትናንት አማቹና ሥራ አስኪያጇ ማተሚያው አጠገብ ሲሳሳቁ ነበር፤ እሱ ሲደርስ ሳቁ ድርግም አለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሚስቱ ኮሌታውን እያስተካከለች፣ «ብቻ ወንድሜን እንዳታስቀይምብኝ» አለችው። ምን ብታውቅ ነው? ሴራው ጓዳው ድረስ ዘልቋል ማለት ነው!

«ዝግጁ ናችሁ?» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ በሩን ተደግፋ። «የአውቶቡስ ትኬት መሸጫ ፕሮግራማችን አንዳንዴ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው ይሸጣል። የቱ ጋ እንደተበላሸ ፈልጉ።»

«ቆይ» አለ ሊቁ፣ ድምፁን ከሆዱ ስቦ። «ቦታ እንለዋወጥ። እሱ በጥቁሩ፣ እኔ በባለመስኮቱ።»

ዓለም ከተፈጠረ እንዲህ ያለ ብልሃት ማንም አላፈለቀም ብሎ ሊቁ በራሱ ተደመመ። ልጁ መልሱን ሰርቆ ከሆነ በጥቁሩ ያውጣው፤ ድሉ የጥቁሩ ይሆናል። እሱ በበኩሉ ባለመስኮቱ ላይ ተጎልቶ የኮምፒውተሩን አይጥ ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ነው።

«እሺ ጋሼ» አለ አማቹ ብድግ ብሎ።

«እሺ? እንዲሁ እሺ?»

«እርስዎ ካሉ ምን እላለሁ? ብቻ ጥቁሩን እንዳይነክሰኝ ይንገሩልኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቁ አልሳቀም። በአማቹ ወንበር ሲቀመጥ እግሩ ወለሉን እኩል ረገጠ። አማቹ ጣሪያ የሚጠርግ መለሎ ነው፤ ታዲያ ወንበሩን እንደ ሊቁ ባለ አጭር ሰው ልክ ማን ዝቅ አደረገው? ፊደሎቹም እንደ መንገድ ማስታወቂያ ጎልተዋል፤ መነጽር አላደርግም ብሎ ከሚስቱ ጋር ዘመኑን ሙሉ የተሟገተበት ዓይኑ ሳይጨናበስ አነበባቸው። ለካ ሲጠብቁት ኖሯል።

እንዳይቸኩል ለራሱ ማለ። ግን ስህተት ያሸተተ ፕሮግራመርና አይጥ ያየች ድመት አንድ ናቸው፤ እጁ አላርፍ አለው። ከአንዱ መስመር ጎን ነካ ሲያደርግ ፕሮግራሙን «እዚህ ቁም» የምትል ቀይ ነጥብ በራች፤ ፕሮግራሙም ሄዶ ሄዶ እዚያችው መስመር ላይ ቀጥ አለ። የጎኑ መስኮት ሁሉን ዘረገፈው። አንደኛው መንገደኛ እየከፈለ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ይላል። ሁለተኛውም ለዚያው ወንበር እየከፈለ ነው፤ ወንበሩ አሁንም ባዶ ይላል። «ተይዟል» የሚባለው ክፍያው ካለቀ በኋላ ነው! በጥቁሩ ቢሆን ለዚህች ግማሽ ቀን ይቆፍር ነበር።

«አገኘሁት!» የሚለው ቃል ከጉሮሮው ደርሶ ነበር፤ በግድ ዋጠው። ቃሉን ካወጣው ጥቁሩን በገዛ እጁ ቀበረ። ዝም ካለ ደግሞ ይህን ያህል ያማረ ግኝት፣ በዕድሜው ሁሉ ካገኛቸው የበለጠው፣ የማንም ሳይሆን ሊቀር ነው። ይባስ ብሎ ልጁ በሊቁ ዙፋን ተቀምጦ ሊቀድመው ነው።

በትከሻው አሻግሮ አየ። የጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አልተጻፈችም። አማቹ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ እሱን ይመለከታል።

«ጋሼ» አለ በሹክሹክታ፣ «አገኙት እንዴ?»

ሊቁ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ቀዩዋን ነጥብ አጥፍቶ ግኝቱን ለመደበቅ አንድ ንክኪ ይበቃል፤ ጣቱ አይጡ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት መንገደኞች ለአንድ ወንበር እየከፈሉ ቆመዋል፤ አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም።