ግራ እግሩን ያነሳው አንበሳ

ከመሳቢያዬ አውጥታ፣ ሳትጠይቀኝ፣ ለአንጥረኛ ሰጠችው፣ የምኒልክን ብር፣ የአሮጌ ገንዘብ ስብስቤን ዓይን፣ ጀሊላ፣ የገዛ ታላቅ እህቴ። ልጇ ሪሃብ ልታገባ ነውና አንገቷ ላይ ልታንጠለጥልላት። ተበስቶ። ግሽ አባይ ሰፈር አንጥረኛው ዘንድ በባጃጅ በርሬ ባልደርስ ይኸኔ አልቆለት ነበር፣ ነጥቄው ወጣሁ፣ ይኸው ሐይቁ ዳር እየተራመድሁ ነው፣ ብሩን ጨብጬ፣ በንዴት።

ከመበሳት ቢተርፍም አንጥረኛው በሎሚና በአመድ ፈትጎታል፣ እሷ አዝዛው። ያ ጥቁረት እኮ ቆሻሻ አይደለም፣ ዕድሜው ነው፣ ስንቴ ነገርኋት፣ እታለም፣ አሮጌ ብር አይታጠብም፣ እሷ ግን የጠቆረ ነገር ካየች ዕረፍት የላትም፣ ድስት መሰላት። አንበሳው የፊት ግራ እግሩን ያነሳበት እኮ ነው፣ ቀደም ባሉት ብሮች ላይ ግራውን ነበር የሚያነሳው፣ በኋላ በወጡት ቀኙን፣ ለምን እንደቀየሩት እንጃ፣ ቅርጹን የቀረጸው ይሁን ያዘዘው፣ ስንት ዘመን ስብሰለሰልበት ኖርሁ፣ እሷ ምን ገዷት፣ አንበሳ አንበሳ ነው ትላለች። አባባ ሲሰጠኝ ማንም አልነካውም ብሎኛል። አደራ ብሎ።

የሻላ ወፎቹ የዓሣ አጥማጆቹን ታንኳ ከበዋል፣ ፀሐዩ ብሩ ላይ ያርፋል፣ ቆይ፣ ይህ ምንድን ነው። ከአንበሳው ዘውድ በላይ፣ ክብ ነገር። ጥቁረቱ ሸፍኖት ኖሯል። ድሮውንም የተበሳ ነው፣ በብር ተደፍኖ፣ አባባ ዋሸኝ፣ የገዛ አባቴ።

ስልኩ ይጠራል፣ እሷ ናት፣ አላነሳም፣ አነሳለሁ። ማነው የበሳው እላታለሁ፣ ጮኼ፣ ሰው ዞሮ ያየኛል። እሷ ትመልሳለች። የእማ አይደል እንዴ፣ አንገቷ ላይ የነበረው፣ ለሪሃብ የፈለግሁትም ለዚያ ነው፣ እማ ስትሞት አባባ ቀዳዳውን ማየት አልችልም ብሎ አስደፈነው፣ አንተ ምኑን ታስታውሰዋለህ፣ እቅፏ ውስጥ ሆነህ ጥርስ ስታወጣ ስትነክሰው ትውል ነበር፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጭረት የማን መሰለህ።

ጠርዙ ላይ ያለው ጭረት። ስብስቤን ሊያይ ለመጣው ሰው ሁሉ ገበያ ላይ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር የተጫረ ነው እያልሁ ሳስረዳ የኖርሁት። አሁንም ተናድጃለሁ፣ እንዲያውም ብሶብኛል፣ ለምን አልነገራችሁኝም፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቆልፌ፣ በጓንት እየነካሁ፣ ጓንት፣ በአፌ የያዝሁትን። እታለም፣ ስሚ፣ አንጥረኛው ይብሳው፣ ግን እዚያው የእማ ቀዳዳ ላይ፣ ፀጉር ታህል እንዳይስት፣ መጥቼ ቆሜ አያለሁ፣ ሎሚ ግን እንዳያስጠጋብኝ።