ማሽኑ ፊት የቆሙት

መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አንድ ነገር ነው፦ ካፒታሊዝም ገዳይ አያሻውም። ባለሀብቱ ትርፍ ሲያሳድድ ሠራተኛውን በማሽን ይተካል፤ ደሞዝ ያጣ ሠራተኛ ደግሞ ምን ይገዛል? ዕቃው እንደ ተራራ ይከመራል፤ ያኔ ሠራተኛው መጥቶ ፋብሪካውን ይረከባል። ተማሪዎቹ «ነቢዩ» ይሉታል። ታናሽ ወንድሙ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ የእኔን ቀብር ስትጠብቅ እንዳልቀብርህ» እያለ ይስቅበት ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ሳይስቅ ደወለ። «እባክህ ድረስልኝ። መጥተዋል።»

መምህሩ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቆቹ ተዘግተዋል። የፋብሪካው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዘበኛ የለም። ውስጥ እስከ ጣሪያው የተከመረው ብርድ ልብስ የማሽኑን ጩኸት ውጦታል። የራሱ ኮቴ እንኳ አልተሰማውም። ቢጣራ ድምፁ ከአፉ ሳይርቅ ጠፋ።

ወንድሙ ከክምሩ ኋላ ብቅ አለ፤ ከስቶ ሌላ ሰው መስሏል። ወደ ውስጠኛው አዳራሽ መራው።

በየማሽኑ ፊት ሰው ቆሟል። ወንድሙ በማሽን ተክቶ ያባረራቸው ሠራተኞች ናቸው። ማሽኑ ራሱን ችሎ ይሠራል፤ እነሱ ግን ሳይነኩት እጃቸውን በባዶ አየር ያንቀሳቅሳሉ፣ የሌለ ክር ይቋጥራሉ።

«ጠዋት ይገባሉ፣ ማታ ይወጣሉ» አለ ወንድሙ። «ፖሊስ ብጠራ ‹ምን ሰረቁህ?› አለኝ። ምንም! ይረከባሉ ብለህ አልነበር? ይኸው ቁልፉ፤ ይረከቡኛ!»

መምህሩ ወደ ሰዎቹ ተጠጋ። ሲጠብቀው የኖረው ቀን በሐሳቡ ባንዲራና መዝሙር ነበረው። ከሰዎቹ መሃል አብራቸው ያደገችውን የአክስታቸውን ልጅ አወቃት።

«እህት ዓለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሥራ ላይ ነኛ» አለች ሳትዞር።

«ፋብሪካው እኮ የእናንተ ነው።»

«ተው እንጂ፣ ሥራ አታስፈታኝ። ፈረቃዬ አላለቀም።»

ከንፈሯ በብርድ ጠቁሯል። መምህሩ ሮጦ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ታች ሳበው። ማሽኖቹ ቆሙ። የሰዎቹ እጆች ግን አልቆሙም።

ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ከክምሩ አንድ ብርድ ልብስ ስቦ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። እጇ አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የጨርቁን ጫፍ ጨበጠ። «ይሞቃል» አለች፣ እንደ ነቃ ሰው። እንባዋ መጣ።

ወንድሙ ጠጋ አለ። «በነፃ?»

«ያዝ!» አለው መምህሩ፣ ሌላ እያቀበለው።

አንድ በአንድ አለበሷቸው።

«ጋሼ፣ ነገስ?»

«እኔ እንጃ» አለ ነቢዩ። ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አስተምሮት አያውቅም።

ክረምቱ ሳይወጣ ወንድምየው ቁልፉን አስረክቦ ፋብሪካው የሠራተኞቹ ማኅበር ንብረት ሆነ፤ እሱም መጋዘን ተመደበ። ማሽኑን የሚያስነሱት ሲያስፈልጋቸው ብቻ ነው። መምህሩ አንዳንዴ ሊጠይቃቸው ሲሄድ፣ በምሳ ሰዓት እየሳቁ ሲያወሩ ያገኛቸዋል። ጠረጴዛው ሥር ግን እጆቻቸው የሌለ ክር ይቋጥራሉ። የወንድሙም እጅ ጭምር።