በእሷ ጣት

«ብርጭቆውን ከአፉ በኩል ያዢው፣ ይፋጃል» አለች እናት። አናጢዋ ሻዩን ተቀብላ ለቀለም ቀቢው፣ ለአባቷ የልብ ወዳጅ አቀበለችው። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቀስተኛው ሳሎኑን ሞልቶ ስለ ኑሮ ውድነት ያንሾካሹካል። እሷን ግን አንድ ነገር ሆዷን እየበላት ነው።

ልጅ ሳለች አባቷ ዓይኗን አስጨፍኖ እጇን ጣውላና ምስማር ላይ ያስቀምጥላት ነበር።

«የቱ ይቀዘቅዛል?»

«ብረቱ!»

«ተሸወድሽ! ሁለቱም አንድ ቤት ነው ያደሩት። ብረት ሌባ ስለሆነ ነው፤ የእጅሽን ሙቀት ቶሎ ይሰርቃል።»

ያኔ ከልቧ ትስቅ ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን የአባቷ ጥያቄ አላሳቃትም። አብረው በሚሠሩበት ወርክሾፕ ውስጥ ጣውላ በፈተገ ቁጥር «እስቲ ዳሰስ አድርጊው፣ ለሰለሰ?» ይላታል። በዚህ ዕድሜዋ እንደ ጀማሪ የሚፈትናት መሰላት። ባለፈው ሐሙስ ትዕግሥቷ አለቀና «እጅ የለህም? ራስህ ዳስሰው!» ብላው ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ልቡ ቀጥ አለ።

«ጋሼ» አለችው ቀቢውን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ እጄን አያምነውም ነበር?»

«ምን ነካሽ! የስኳር ሕመሙ ጣቶቹን አደንዝዟቸው ነበር። ሸካራውን ከልስልሱ፣ ትኩሱን ከቀዝቃዛው አይለይም። ‹የልጄ ጣት ባይኖር ወርክሾፑን እዘጋ ነበር› ይለኝ ነበር። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው። ኩሩ ነው፣ ታውቂው የለም እንዴ!»

እናት አቀረቀረች። እሷም ታውቅ ኖሯል።

አናጢዋ ተነሥታ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። የሐሙሱ ጣውላ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። እሷ ጥላው ከወጣች በኋላ አባቷ ብቻውን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትገው ቆይቷል። ዳሰሰችው። ጫፉ እንደ ድመት ምላስ ይሻክራል፤ መሃሉ ደግሞ ከልክ በላይ ተፍቆ ጎድጉዷል። በቃህ የሚለው ሰው አልነበረም። ጸጸቱ አንገበገባት፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ቀቢው ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ላስተካክለው? ደንበኛው እየጠበቀ ነው።»

«አይነካም፣ ጋሼ። ለደንበኛው ሌላ እሠራለታለሁ።»

መዳፏን ጎድጓዳው ላይ ዘረጋች። እንጨቱ መጀመሪያ ቀዝቀዝ አላት፤ እስኪሞቅ ድረስ እጇን አላነሳችም።